ምስጥ ያልደረሰበት

ሙሐረቅ ደሴት፣ በዕንቁ ጠላቂዎች ዘመን

መርከቧ ርቃ ቆመች፣ ውሃው አላስጠጋት፤
ሴትዮዋን በአህያ ከባሕሩ አወጧት።
ሣጥኗ በሁለት ሰው ትከሻ ላይ ሄዶ፣
ቀሚሷ እስከ ጉልበት ጨው ጠጥቶ ከብዶ።
«ሐኪም ነች» ሲባል የወደቡ ሰው ሳቀ፤
«ሴት ደግሞ ምን ልትሰፋ?» ብሎ ጠየቀ።
እኔም ሳቅሁ። አልዋሽም።

እንስራ ተሸክሜ ቆሜ ነበር እዚያ፣
ዛፈራን የምባል፣ የጀልባ አለቃው፣ የኖኻዳው ባሪያ።
(ይመኙሽ ያለችኝ እናቴ ናት፤ ቀርቷል፤
ከታጁራ ወዲህ ስም እንኳ ይሸጣል።)
ኖኻዳው አዋሰኝ ለሴትዮዋ፣ ለሎቪና፣
እንደ ድስት፣ እንደ ገመድ፣ ሊወስደኝ እንደገና።
የመጽሐፍ ዐረብኛ ነው የምትናገረው፣
እኔ ነኝ ለሰው ጆሮ የማስተካክለው።

ሌሊት ሙቀቱ ነድዶ እንቅልፍ ሲነሳን፣
ጣሪያ ላይ ተጋድመን እርጥብ ሻሽ ለብሰን፣
ታወራኝ ነበረ ስለ ፔንሲልቫኒያ፣
ስለ አንድ አዳራሽ፣ የሬሳ መማሪያ።
ሁለት መቶ ወንዶች፤ እሷ አንዲት ነበረች፤
ትንባሆ ተፉባት፤ ቀሚሷን አጠበች።
«መምህሩ ምን አለ?»
          «በሩ ክፍት ነው አለኝ።»
«አንቺስ?»
          «ቢላዋው የታል? አልሁት። ሰጠኝ።»
እኔ ግን አሰብሁ፣ (ለእሷ አልነገርኋትም)
በእኔ ላይ ማን ያፏጫል? ማንም አያየኝም።

እዚያ ሴትነቷ መቀርቀሪያ ነበር፤
እዚህ እሱው ቁልፍ ሆነ ለየቤቱ በር።
ወንድ ከሚያያቸው ሞትን የሚመርጡ፣
ከመጋረጃ ኋላ እጃቸውን ሰጡ።

በዕንቁው ወቅት መሐል፣ ወንዶቹ ባሕር ላይ፣
የኖኻዳው ሚስት ጠይባ ሦስት ቀን በስቃይ፤
እንደ መቅዘፊያ እንጨት ልጁ ተጋድሞባት፣
ማዕበል ላይ ላለው ባሏ ማን ይላክላት?
ሎቪና እጇን አየች፤
          እጇ አብጦ ነበር፣
የባሕር ጃርት ወግቷት፣ መርዙ ገና ሳይሽር።
«ያንቺ ትንሽ ነው» አለች። «ታጠቢ እስከ ክንድ።
ጥፍርሽን ቁረጪ። እኔ እነግርሻለሁ መንገድ።»

ገባሁ።
ምን እንደነበረ በምን ቃል ልንገራችሁ?
ጨለማ፣ ሞቃት ባሕር፤ ጠላቂ ነኝ አልኋችሁ።
ክርን ነው? ጉልበት ነው? ትንፋሼን ይዤ ስዳስስ፣
ተረከዝ አገኘሁ፤ ያዝሁት፣ ቀስ በቀስ።
«ምጡ ይለፍ» ትላለች ሎቪና፣ «ጠብቂ፤
አሁን አዙሪው። ሳቢ። አትልቀቂ።»
ሰማያዊ ሆኖ ወጣ። ዝም አለ። በጣም ዝም።
ከዚያ ጮኸ፤ እስከ ማለዳ አላቆመም።

አሮጊቶቹ ጨው ይዘው መጡ እንደ ልማዳቸው፣
ቁስሏ ውስጥ ሊጠቀጥቁ፤ ሎቪና ቆመች ፊታቸው፤
ረጅም፣ የመጽሐፍ ስብከት ሰበከቻቸው።
እኔ አሳጠርሁት፤ «ጨውን ለዓሣ ተዉት» አልኋቸው።

በማግስቱ ደብተር ከፍታ ስትጽፍ አየሁ፤
«እኔስ አለሁበት?» ብዬ ጠየቅሁ።
ቀለሙን እፍ አለች፤ «ረዳት ብያለሁ» አለች፤
ስሜን ሳትጠይቀኝ ደብተሩን ዘጋች።
አልተቀየምሁም።
ትንሽ ተቀየምሁ።

ጠይባ ባሏን ለመነች፤ ወረቀት አልሰጡኝም፤
«ሂጂ» አሉኝ ብቻ። ሄድሁ፤ ሩቅ ግን አልሄድሁም።

በአራተኛው በጋ ንዳድ ወሰዳት፤
ከዘንባባው ጥግ፣ ባሕር ፊት ቀበርናት።
ግድግዳው ላይ ቀረ ያ የምስክር ብራናዋ፣
በላቲን የተጻፈ፣ ከነቀይ ማኅተሙ፣ ሀብቷ፤
ያንን ሁሉ ትፋት አጥባ ያመጣችው፣
እርጥበት አወየበው፣ ምስጥ ጥግ ጥጉን በላው።
ስሟ ጋ ሊደርስ ሲል አወረድሁት፤
በሰም ጨርቅ ጠቅልዬ ከራስጌዬ ሰቀልሁት።

የኔን የጻፈው የለም፤ ምስጡ ምን ያገኛል?

በር ይመታል። ልጅ ነው፤ ፋኖስ ይዟል፤ ሮጧል።
«እናቴ…» ይላል፤ ትንፋሹ ያልቃል።
ጥፍሬን ቆርጫለሁ። ውሃው ፈልቷል።