ሦስት እግር

አራተኛ «ለ»፣ ስልሳ አራት ልጅ በሃያ ወንበር፤
ከኋላ፣ ውሃ ከሚያስገባው መስኮት ሥር፣ ነዚፍ ነበር።
ነበር ማለት፣ ስም ሲጠራ «አቤት» የሚል አንድ ድምፅ፣
ፊደል ከፊደል የተላተመበት አንድ ገጽ።

«በ» ብዬ የጻፍኩትን «ሰ» ብሎ ያነበዋል፤
«ከ»ን ሲገለብጥ ክንፉን ቆርጦ ይተወዋል።
ክፍሉ ይስቃል። እኔም፣ አልዋሽም፣ አንድ ቀን ስቄያለሁ፤
የመንፈቁ ካርድ ላይ በቀይ «ሰነፍ» ብዬ ጽፌያለሁ።
ቃሉን ማንበብ አልቻለም።
አጥፎ ኪሱ ከተተው፣ ዝናቡ እንዳያርሰው።

ቅዳሜ ሂርማታ ወረድኩ፣ ከእንጨት ሠሪዎቹ ተርታ፤
አየሁት፣ የዋንዛ ጉማጅ በጉልበቱ ይዞ በርትቶ ሲመታ።
ሳይለካ፣ ሳያሰምር፣ በመሮ ይፈለፍላል፤
ከአንድ ግንድ፣ ያለ ሚስማር፣ ሦስት እግር ያበቅላል።
አባቱ «ባርሲስቱ!» ብለው በርጩማ ሳቡልኝ ከፊት፤
ስለ ካርዱ አላነሱም። አፈርኩ፤ ቁጭ አልኩበት።
«ይሄኛው እግር አጥሯል» አለ ልጁ፣ ጣቱን ከሥር አሳልፎ፤
እኔ አልታየኝም። አባቱ ሁለቱን ላጓቸው፤ በርጩማው ቆመ አርፎ።

ሰኞ «ሐ»ን ሰሌዳ ላይ ጽፌ፣
«ይህ ምንድነው?» አልኩት።
አየኝ። አየው። አየኝ።
«በርጩማ።»
ሳቅ ሊነሳ ነበር ከወደ ኋላ፤
እጄን አነሳሁ። «ልክ ነው። ስሙ ሐ ነው። ሌላ?»

«ለ» ጉልላት ያልደፋ ጎጆ ሆነ፣ «ሰ» ጉልላቱን የደፋ፤
«በ» ጠረጴዛ፣ እግሩ ሁለት፣ ፊቱ ሰፋ።
ከፍልፋይ ቀረጻቸው። ዓይኑ የከዳውን ጣቱ ያዘለት።

ተአምር አይደለም። እሱ አንድ መስመር ሲጨርስ
ሌሎቹ ገጽ ይገልጣሉ።
ፈተናውን ጮክ ብዬ አነብለታለሁ፣ መልሱን ይነግረኛል፤
ርዕሰ መምህሩ በበሩ አልፎ «ስልሳ አራት ናቸው እኮ!» ይለኛል።
አውቃለሁ።
እስከ የካቲት ድረስ ስልሳ ሦስት ነበር የማስተምረው።

ሰኔ ሲጋመስ፣ ቆርቆሮው በዝናብ ሲንጫጫ፣
ነዚፍ ጠረጴዛዬ ጋ መጣ። ያቺን ካርድ ዘረጋ፣
መታጠፊያዋ ላይ የሳሳች።
ጣቱን ከቀዩ ቃል ሥር አስኬደ፣ እግር እንደሚለካ፣
«ሰ…»፣ ባለ ጉልላቱ፣
«ነ… ፍ።»
«ሰነፍ» አለ፣ ጮክ ብሎ፣ ደስ ብሎት።

ክፍሉ ጸጥ አለ።
እኔም፣ ስሙ እንደተጠራ ተማሪ፣
ብድግ ብዬ
«አቤት» አልኩት።