የኋላ ወንበር

ሥራዬ ማድረስ ነው፤ ከበር እስከ በር፣
ከአየር ማረፊያው እስከ ሺሽሊ ሰፈር።
ስም የጻፍኩበትን ሰሌዳ ይዤ ቆሜ
እቀበላቸዋለሁ፤ ሻንጣ ተሸክሜ
መንገድ ስመራቸው፣ ከደብሊን፣ ከሊድስ መጥተው፣
በስልካቸው መስታወት ፀጉራቸውን ነካክተው፣
"ባሕሩ የታል?" ይላሉ ገና ሳይቀመጡ።
ይስቃሉ ሲመጡ። ልብ በሉ፤ ሲመጡ።

ስመልሳቸው ግን ያው የኋላ ወንበሬ
አልጋ ነው፤ ሁለት ትራስ፣ አንሶላ ጨምሬ።
በጎን ይተኛሉ፤ ጥርስ ይነክሳሉ፤
ለእያንዳንዷ ጉድጓድ "ቀስ በል!" ይላሉ።
የዚህን ከተማ የአስፋልት ጠባሳ
በቃሌ አውቀዋለሁ፣ ማዘጋጃው ቢረሳ።

አልፈርድም በማንም። እኔም ፀጉር አስተክያለሁ፤
በሠራተኛ ቅናሽ። መስታወት እወዳለሁ።

ጥቅሉ እንዲህ ይላል፦ ሆድ፣ ወገብ፣ ክንድ፣ ጭን፣
አራቱም በአንድ ጠዋት፤ ሆቴል አምስት ቀን፤
ከፎጣው ቀጥሎ፣ ከቁርሱ በታች
"ነፃ መኪና" የምትል መስመር አለች።
እሷ ነኝ እኔ።

ብሮንዊን ከዌልስ ናት፤ ከስዋንዚ ከተማ፤
በትምህርት ቤት አውቶቡስ ልጅ ስትቆጥር ከርማ፣
ሳንቲም በሳንቲም ላይ ሁለት ዓመት ጥላ፣
ለእናቷ "ስፔን ልሂድ፣ ፀሐይ ልሙቅ" ብላ
ብቻዋን የመጣች።
"ሐኪምሽ ማን ነው?" ስላት ስልኳን አወጣች፤
የፔሊንን ፎቶ፣ ፈገግታዋን አሳየች።
ፔሊን ቀጠሮ ያዥ ናት፤ ምላጭ አትይዝም፤
የቀዳጁን ስም እኔም ሰምቼ አላውቅም።
ይህን ግን አልነገርኳትም።
ነፃ መኪና አይናገርም።

በስድስተኛው ቀን፣ ከሌሊቱ አሥራ አንድ፣
ዝናቡ ሲያካፋ በባዶው መንገድ፣
ወጣች ተደግፋ የሆቴሉን በር፤
ሁለት ቀጭን ቱቦ ከቀሚሷ ሥር፣
ጫፋቸው ላይ ጠርሙስ፣ የሮማን ውሃ የመሰለ፤
በዚያ ጠባብ ልብስ ውስጥ ትንፋሿ የታለ?

መገንጠያው ጋ ስንደርስ "ቀኝ ባቴን" አለችኝ፤
"ሰው ጨብጦ የያዘኝ ይመስል አመመኝ።"
ልትስቅ ሞከረች፤
ግማሹ ላይ አየር አጣች።

ፔሊን ጋ ደወልኩ። "አትዘግይ፤ ሐኪሙ ፈርሟል፤
ክፍሏም ከዛሬ ጠዋት ለሌላ ሰው ተይዟል፤
ደግሞስ መቼ ሳያም? አራት ሰዓት በረራ ነው፤ ያልፋል።"

አምና አንዲት ነበረች። ስሟን አልጠራም።
"አመሰግናለሁ" አለች፤ ሌላ አልተናገረችም።
ሻንጣዋን አወረድኩ። በሦስተኛው ቀን
ወንድሟ ደወለ፤ "ስትወርድ፣ እባክህን፣
ምን አለች?" አለኝ።
ከእግር የረጋ ደም፣ ከደመና በላይ፣
ወደ ሳንባ ሲወጣ ማን አለ የሚያይ?

ፍሬቻው ጠቅ ጠቅ ይላል። በቀኝ አየር ማረፊያ፤
በግራ የመንግሥት ሆስፒታል፣ የድንገተኛ መግቢያ።
ጠቅ። ጠቅ።
መሪው በራሱ አልዞረም፤ እኔ ነኝ ያዞርኩት፤
ይህንንም ከፎጣው በታች ጻፉት።

"ምኗ ነህ?" አለችኝ ነርሷ፣ ብዕር አንስታ።
ቅጹ ላይ ባል አለ፣ ወንድም አለ፣ አባት፤
ሾፌር የሚል የለም። ቆሜ ዝም አልኳት።

ብሮንዊን ከአልጋው ላይ ስልኳን ዘረጋችልኝ፤
"እናቴ" የሚለውን በጣቷ አሳየችኝ።
ደወልኩ። አንዲት አሮጊት፣ ከእንቅልፋቸው ነቅተው፣
"የምትደውለው ከስፔን ነው?"

"አይደለም፣ እማማ" አልኩ። "አጠገብዎ ወንበር ካለ
መጀመሪያ ቁጭ ይበሉ።"