ሁለት ሰም

ከደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ጓሮ፣ ከልብስ ማጠቢያው ጎን፣
አንዲት ጠባብ ክፍል አለች፣ ሰም ሲቀልጥባት የሚውል ቀኑን።
ሥራዬ ይኸው ነው፤ ከሰው ገላ የወጣ ቁራጭ ይመጣልኛል፣
ፎርማሊን ያጸናዋል፣ አልኮል ውኃውን ይመጥለታል፣
እኔ በሰም እቀብረዋለሁ፤ ሰሙም ይረጋል።
ከዚያ ቁጥሩን በእርሳስ። ቀለም በአልኮል ይለቃል፣
እርሳስ ግን ይዘልቃል።

ሚያዝያ ላይ ሁለት መጡ፣ በአንድ ሳምንት፣ ከጡት የወጡ፤
አንዱ የባንቺአምላክ፣ አማኑኤል ገበያ ጤፍ የምትመዝን፣
ሌላው የየሻረግ፣ የሒሳብ መምህርት፣ ከደጀን።
በአጉሊ መነጽር አንድ መልክ፣ አንድ ደረጃ፤ ምንም ልዩነት የለ፤
ዶክተር እንየው ቀና ሳይል «መንትያ» አለ።
ቆየት ብሎ ግን «መንትያም ጠባዩ ለየቅል ነው» ሲል አከለ።

«ዲ ኤን ኤ መጽሐፉ ነው፣ ሣጥን ውስጥ የተቆለፈ፤
አር ኤን ኤ ዛሬ ጠዋት ከመጽሐፉ ተቀድቶ ለሥራ ያለፈ።
ዕጢው ምን እንደ ያዘ አይደለም የቸገረኝ፤
ምን እያለ እንደሆነ ነው። እሱን የሚነግረኝ
ካገኘሁ፣ ኬሞ ማንን እንደሚያድን፣ ማንን በከንቱ እንደሚያቃጥል
አውቃለሁ። ካላገኘሁ ለሁለቱም አዛለሁ፣ እንደ ዕድል።»

አባቴ ዲማ ያደረ ባለቅኔ ነው፤ ይህን ስነግረው ሳቀ፤
«ጎጃም ተወልደህ፣ ሰሙን በእጅህ ይዘህ፣
ወርቁን ፈረንጅ ይፍታልኝ ብለህ ልትልክ? ኧረ ጉድ ፈለቀ!»
መልስ አጣሁ። እውነቱን ነው፤ መፍቻው እኛ ዘንድ የለም።

ሁለቱን ሰም በጥጥ ጠቀለልኩ፣ በጓንት ካርቶን አሸግሁ።
የጤፍ ተራ ሰዎች ለባንቺአምላክ የዕቁብ ዕጣቸውን ለቀቁ፤
የየሻረግ ወንድም ከጥማዱ አንዱን በሬ ሸጠ፣
ሌላው በሬ ደጅ ላይ ብቻውን ተቀመጠ።
ሰባት ሳምንት ጠበቅን። ዝናቡ ገባ።
ካርቶኑ የት እንደ ደረሰ የሚያውቅ ሰው አልተገኘም፤
እኔም ሌላ ሰው ገላ በሰም ስቀብር ሰነበትኩ።

የባንቺአምላክ ተነበበ። ዕጢዋ ድምፁ ዝግ ያለ፣
ኬሞ የማይጨምርላት፤ በቀን አንድ ክኒን ይበቃል ተባለ።
ክኒኗን መዳፏ ላይ አኖረች፣ ከፍ ዝቅ አደረገቻት፣
እንደ ልማዷ መዘነቻት፤
«ይቺ?» አለች። «ይቺ ናት ያን ሁሉ የምትመልስ?»
ሳትስቅም ሳታለቅስም፣ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረቻት።

የየሻረግ አልተነበበም።
ወረቀቱ አንድ መስመር ነው፦ አር ኤን ኤው ተሰባብሯል።
ለካ ዐርብ ማታ ተቆርጦ፣ መኪና ጠፍቶ፣
እስከ ሰኞ ጠዋት ተራ ውኃ ውስጥ ከርሟል።
አር ኤን ኤ አይጠብቅም። ፀሐይ ያየ ጤዛ ነው።
ብልቃጡን የተቀበልኩ እኔ ነኝ።
ሰዓት አልተጻፈበትም።
አልጠየቅሁም።

ደጀን ወርጄ ነገርኳት። ጠመኔ ይዛ ነበር፤ ሰኔ ነው፣ የፈተና ሰሞን።
ለረጅም ጊዜ ሰሌዳውን አየች፣ ከተማሪዎቹ አንዱ የተሳሳተውን።
«ያልታወቀ ማለት ዜሮ ማለት አይደለም» አለችኝ፤
«ኤክስ እንለውና እንቀጥላለን።»
ኬሞዋን ጀመረች። ምናልባት ያስፈልጋት ነበር፤
ምናልባት ጠጉሯ ለከንቱ ነው የረገፈ፤
የሚያውቀው ሰሙ ነበር፣ እሱም አፉን እንደ ለጎመ አለፈ።

አሁን ከደጀን እስከ ቢቸና፣ ሉማሜም፣ የትኖራም እደውላለሁ፤
«በስንት ሰዓት ተቆረጠ? በስንት ሰዓት ፎርማሊን ገባ?» እላለሁ።
ነርሶቹ «ሰዓት ቆጣሪው» ብለውኛል፤ ይበሉኝ።
የየሻረግ ሰም መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ቁጥሩ አልደበዘዘም።
በእርሳስ ነው የጻፍኩት።