የተሰበሩትንስ?

ፖሊ ግቢ፣ ቤተ ሙከራው፣ መስኮቱ ሐይቁን ያያል፤
እምቦጩ ዳር ዳሩን ይዞ ከሩቅ ማሳ ይመስላል።
ጠረጴዛዬ ላይ ሽቦ፣ ከፀጉር ጥቂት የወፈረ፣
ኒኬልና ቲታኒየም በአንድ እሳት የተዳመረ።
ብታጎብጠው ይጎብጣል፣ እሺ ባይ ነው፣ ዝም ይላል፤
ሙቀቱ ሲደርስ ግን
ድሮ የሆነውን ይሆናል።

የምፈልገው አንድ ነገር፦ ሠላሳ ሁለት ዲግሪ ላይ
የችግኝ ቤቱን መስኮት ገፍቶ የሚከፍት ወደ ሰማይ፣
መብራት ኖረም አልኖረም።
ግን ኒኬሉ ከመቶ የአንድ አሥረኛ ቢዛነፍ
በአሥር ዲግሪ ይስታል፤ የወር ልፋቴም ጠፍ።

ለዚህ ነው ማሽኑን ያስተማርሁት።
ከየመጽሔቱ ለቅሜ መቶ አርባ ረድፍ ሰጠሁት፤
ቅይጡን፣ የእሳቱን ሰዓት፣ ያስታወሰበትን ሙቀት፤
ያላየውን ይገምታል፣ በእርግጠኛ ሰው ድፍረት።
ሦስቴ አመንሁት። ሦስቴ አቀለጥሁ።
ሦስቴም እጄ ላይ ቀጭ አለ።

ቅዳሜ አባቴ እንዳላማው ከአዴት መጣ፣ በጠዋት መኪና፤
ጉጠቱን አልያዘም ዛሬ፤ እጁ ራሱ ጉጠት ነውና
ሽቦውን ጨብጦ አጎበጠ።

አንጥረኛ ነው አባቴ። ማረሻ ስሎ ሀገር ያበላ፣
በቀን «ጌታው» እየተባለ፣ ሲመሽ የሚባል ሌላ።
መንደሩ እንደዚህ ሽቦ ነው፤ በደህና ቀን እሺ ይልና
የአንድ ቤት ልጅ ሲታመም፣ ነገር ሲግል እንደገና፣
ወደ ድሮ ቅርፁ ይሄዳል፤
ወደ አባቴ ዓይን ይዞራል።

ሙቅ ውኃ ከፔርሙዝ ቀዳሁ። ሽቦው ተፍታታ፣ ቀና።
አባቴ አልሳቀም። «ማን አስተማረው?»
«እሳት፣» አልሁ፤ «አምስት መቶ ዲግሪ፣ በብረት ተቀፍድዶ።»
«ሌላ ቅርፅስ ይማራል?»
«ይማራል፣ እንደገና ነድዶ።»
ወደ አዴት መንገድ አየ፣ ረጅም ጊዜ።

ከዚያ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብሎ፦
«ይኼ ተማሪሽ የሚያውቀው ካማሩት ነው፣ ከቀኑት፤
የተሰበሩትንስ ነገርሽው?»

አልነገርሁትም።
መጽሔት የሚያትመው የቀናውን ነው።

መሳቢያዬን ሳብሁ፤ አርባ አንድ ስብርባሪ፣
እያንዳንዱ ቀኑ በተጻፈበት ወረቀት ተጠቅልሎ።
እሱ ስብራቱን ወደ ብርሃን አዙሮ ያነባል፦
«ይኼ ቸኩሏል። ይኼን ንፋስ አግኝቶታል።»
እኔ በቁጥር እጽፋለሁ።

ሲመሽ መብራት ጠፋ።
ማሽኑ በባትሪው ጭላንጭል አዲስ ቅይጥ ጠራ፤
ከጎኑም፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣
«እርግጠኛ አይደለሁም» የሚል ሰፊ መስመር ሠራ።
አባቴ መስመሩን በጣቱ ለክቶ
«አሁን ተማረ፣» አለ።

ሰኞ እናቀልጣለን።