መመለሻ ቱቦ

ከበርሜሉ እስከ ቧንቧው፣ አሥራ አንድ እርምጃ፣
በመሀል ግድግዳ፣ ምድጃ፣ መጋረጃ።
ማናማ፣ ጁፈይር ሠፈር፣ በሐምሌ፣ ቀትር ላይ፤
ባሕሩ እንደ ሽሮ ድስት ይተነፍሳል ወደ ሰማይ።

ሚስተር ዲሱዛ ቆሞ፣ ጣቱን ወደ ሰገነቱ ዘርግቶ፣
«ይማም፣ እዚያ ተቀምጬ ልቅዳ፣ ይሄ ጣጣ ጠፍቶ።
የመጀመሪያው ብርጭቆ ሁልጊዜ አረፋ ነው፤
ግማሹን ለዕቃ ማጠቢያው ነው የምገብረው።»

ነገሩ ግልጽ ነበር። ጎማ ውስጥ ያደረ ቢራ
ሲሞቅ ትንፋሹን አይችልም፣ ያመልጠዋል ሳይጠራ።
ስለዚህ መንገዱን ሁሉ ብርድ ማልበስ ነው ዘዴው፤
በበረዶ ውሃ አይደለም፣ በአየር ነው የምወስደው።

በሲሚንቶ ከረጢት ጀርባ ሣልኩት።
ጎማውን ጠባብ መረጥኩ፤ ሰፊ ከሆነ ይሮጣል፤
የሮጠ ቢራ ደግሞ ቧንቧው አፍ ላይ ይቆጣል።
ጎማው በሰፊ ቱቦ ውስጥ። ትንሽ ፋን፣ ከአሮጌ ኮምፒውተር ፈትቼ፣
ፍሪጁ ውስጥ፣ በሲሊኮን ለጥፌ፣ ስንጥቁን ሁሉ ዘግቼ።
ከላይ ጥቁር ስፖንጅ፣ ወፍራሙን ነው የማለብሰው፤
እዚህ አገር አየር ማለት ውሃ ነው፣ ዓይን የማያየው፤
መርፌ ታህል ክፍተት ካገኘ ግድግዳውን ነው የሚያስለቅሰው።

ሾሀግ ቴፑን ይዟል፣ እኔ ቢላውን።
የጋራ ቋንቋችን አሥራ አምስት ቃል ነው፤
«ያዝ»፣ «ልቀቅ»፣ «ቀስ»፤ የቀረው በዓይን ነው።

ፋኑን አስነሣነው። ዘመረ። ደስ አለን።
ቧንቧው ሥር ቴርሞሜትር አሰርን፤ ጠበቅን፣ ጠበቅን።
ፍሪጁ፣ ሦስት ዲግሪ። ቧንቧው፣ ሃያ ስድስት።
አንድ ሰዓት ሞላው፤ ሃያ ስድስት።
ሻይ ጠጣን፤
ሃያ አምስት።

ጆሮዬን ቱቦው ላይ ጣልኩ። ፋኑ ይገፋል፣ አየሩ አይሄድም።
ጥፋቱ የፋኑም፣ የስፖንጁም፣ የጎማውም አልነበረም፤
መሄጃ ሠርቼለት፣ መመለሻ አልሠራሁለትም።
አየር መመለሻ ከሌለው
ንቅንቅ አይልም።
ጫፉ ላይ የቆየውን ሙቀት ታቅፎ ይቆማል፣
የሚከፍትለት እንዳጣ እንግዳ፣ በሩ ላይ ይከርማል።

ለሾሀግ በእጄ አሳየሁት፤ ሂያጅ፣ ከዚያ ተመላሽ።
አሰበና፣ በእንግሊዝኛ፣ «ሪተርን ቲኬት» አለኝ።
ሳቅን።
እኔ ስመጣ የቆረጥኩት
የመሄጃውን ብቻ ነበር።

በማግስቱ ከሲትራ ሁለተኛ ቱቦ አመጣን፤
በመጀመሪያው ጎን፣ በአንድ ስፖንጅ ጠቅልለን አስተኛን።
አሁን ብርዱ ይወጣል፣ ቧንቧውን ዳብሶ፣ ሞቆ ይመለሳል፤
ፍሪጁ በር ላይ ተቀብሎ «ዛሬም ደከመህ» ይለዋል።
ሃያ። አሥራ አራት። ስምንት። አራት ተኩል።
ከዚያ አልወርድ አለ፤ ለአየር አሥራ አንድ እርምጃ ሩቅ ነው፤
ሚስተር ዲሱዛ አሥራ ሁለት ቢለኝ እምቢ ነበር የምለው።

ማታ ቀዳ። ሁለት ጣት አረፋ፣ ከሥሩ የጤፍ ገለባ ቀለም።
ብርጭቆው ላብ አወጣ፤ ግድግዳው ግን አላለቀሰም።
«ቅመስ እንጂ፣ የእጅህ ሥራ!» ደረቴ ላይ እጄን አደረግሁ፤
እኛ ቤት የሚጠጣው ቃሪቦ ነው፣ ከዚያ ወዲያ አልቀመስሁ።
ሽታውን ግን አውቀዋለሁ። ኮምቦልቻ፣ ልጅ ሳለሁ፣
ፋብሪካው ብቅል ሲቀቅል፣ ደብተሬን በብብቴ ይዤ፣
በአጥሩ ሥር ስንቴ አልፌዋለሁ።

ብርጭቆውን ተቀብዬ ጉንጬ ላይ አሳረፍኩት፤
ከዐርባ አምስቱ ዲግሪ መሀል አራት ተኩሉን ሰማሁት፤
መለስኩለት።

ደረሰኙን ስጽፍ፣ «ቱቦ፣ ሁለት» የሚለው ጋ ሲደርስ፣
ሚስተር ዲሱዛ መነጽሩን ከፍ አድርጎ ጠየቀኝ፦
«አንዱ አይበቃም ነበር?»

ሾሀግን አየሁት።
ሾሀግ መፍቻውን እየጠረገ
ወደ ባሕሩ ዞረ።