እስከ መቶ

ውሉን ፈርሜአለሁ፣ በራሴ እጅ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፤
ይላል በደማቁ፦ «ፍጥነቱ እስከ መቶ»።
መቶዋን አየኋት፣ አምራና ተኩላ፤
«እስከ»ን ግን አላየሁ፣ ከፊቷ ተጠልላ።
ሦስት ፊደል ብቻ ናት፣ እንደ ዘበኛ ደጅ የቆመች፣
ዜሮንም፣ አንድንም፣ ሦስትንም በሆዷ የያዘች።

የምሽቱ ሁለት ሰዓት ነው፤ በዚህ አገር አፍ፣ ስምንት።
ቅርያት መላኪ፣ አራተኛ ፎቅ፤ ሰው ሁሉ የገባበት ሰዓት።
ከታች ጌናዲ ኳስ ያያል፤
ከጎን የእነ ብርቄ ልጅ በጨዋታው ይታኮሳል፤
ከላይ ያሉት ሙሽሮች ፊልም ከፍተው ይጣላሉ፤
ሁሉም ከአንዲት ቀጭን ሽቦ ተደርድረው ይጠባሉ።
እኔም እደውላለሁ፣ ጎንደር፣ ለወንድሜ ለታረቀኝ፤
ግንባሩ ቀድሞ መጣ፣ አገጩ ዘገየብኝ።
«እህቴ፣ የኔ ነገር እስ—»
አፉ እንደተከፈተ ቀረ።
በፊቱ ላይ አንዲት ክብ፣ እንደ አውድማ በሬ፣
ዞረች፣ ዞረች፤ ጠብ የሚል የለም ፍሬ።

ልጄ ኦሽራት ኮሌጅ ስለ መረብ ትማራለች፤
«እማ፣ ቃልሽ እንዳለ አይሄድም» ትለኛለች፤
«ይቆራረጣል፣ ይታሸጋል፣ ቁጥር ይለጠፍበታል፤
መንገዱ ሲጨናነቅ ወረፋ ይይዛል።
ያኔ ኩባንያው ይመርጣል፤
ይኸኛው ይለፍ፣ ያኛው ይቆይ፣
ሌላው ይጣል።»

ሳቄ መጣ። እኔን ስለ ወረፋ!
ጎንደር ስምንት ዓመት ሙሉ በስም ዝርዝር ስለፋ፣
ስሜ በአንድ ፊደል ስቶ፣ ፋይሌ ሁለቴ ሲጠፋ!
ከአንድ ማሕፀን ወጥተን፣
ተቆራርጠን፣ ታሽገን፣ ቁጥር ተለጥፎብን፣
እኔ ትለፍ ተባልሁ።
እሱ ይቆይ ተባለ።
ዐሥራ አራት ዓመቱ ነው፤ ቁጥሩን ግን አልጣለ።

ኩባንያው ጋ ደወልሁ።
ለዕብራይስጥ አንድ፣ ለሩሲያኛ ሁለት፣ ለዐረብኛ ሦስት፤
ለእኔ ቁጥር አልነበረም፤ ዝም ብዬ ጠበቅሁት።
ሙዚቃ።
«በወረፋው ዐሥራ ሰባተኛ ነዎት።»
ከአርባ ደቂቃ በኋላ አንድ ልጅ፣ ድምፁ ገና ያልጎረነነ፣
«ራውተሩን አጥፍተሽ አብሪው» አለኝ፣ የተማረው እሱን ነበረና።
አጠፋሁ። አበራሁ።
«አሁን ለኪው።»
ለካሁ፤ ዘጠና ስድስት!
«ይኸው! በእኛ በኩል ምንም ችግር የለበት።»
ኦሽራት ከጎኔ ከንፈሯን ነከሰች፤
«መለኪያው ሲመጣ ያውቁታል፣ መንገድ ይጠርጉለታል» አለች።
ቆየችና፣ «ይመስለኛል» ብላ ጨመረች፤
ልጄ ያላየችውን አትምልም።
እኔ ግን ለሹም መንገድ ሲጠረግ አይቻለሁ፤
ሹሙ «መንገዱ መልካም ነው» ብሎ ሲያልፍ ሰምቻለሁ፤
አቧራውን ከኋላው ቆሜ ቅሜአለሁ።

ትናንት፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ።
ጌናዲ ተኝቷል፤ ተኩሱ ቆሟል፤
ሙሽሮቹ ታርቀዋል፤ ሽቦው ባዶ ሆኗል።
ስልኬ በራ፤ ታረቀኝ።
ለካ እሱም አልተኛም።

ወንድሜ ሙሉውን መጣ፣
ሳይሰነጠቅ፣ ሳይዘገይ፣ ከንፈሩ ከድምፁ ሳይለይ።
ያኔ አየሁት።
ጺሙ አመድ መስሏል።
ከፊት ጥርሶቹ አንዷ የለችም።
በአንገቱ ላይ የማላውቀው ጠባሳ አለ፤ መቼ እንደሆነ አልነገረኝም።
ለካ ያ ብዥታ አዝኖልኝ ኖሯል፤
ለካ ያ ቀርፋፋ መስመር፣ ስረግመው የከረምሁት፣
ወንድሜን በሸኘኝ ቀን ዕድሜው ላይ አቁሞልኝ ኖሯል።

«እህቴ፣ የኔ ነገር እስከ መቼ ነው?» አለኝ።
ቃሉ እንዳለ ደረሰ፤ አንዲት ፊደል አልወደቀችም።

«ትሰሚኛለሽ?
ተቋረጠ እንዴ?»

መስመሩ ደህና ነበር።
የተቋረጥሁት እኔ ነኝ።