ግራ የገባው ግራውን ይጠይቅ

በማትሱዌ ከተማ፣ በሺንጂ ሐይቅ ዳርቻ፣
አርባ ዓመት ኖረች ከመዝገብ ጋር ብቻ
ሺዙኤ፣ የዛጎል አጥማጆች ሒሳብ ሹም፤
በእንጨት መቁጠሪያ፣ ሳትሳሳት አንዴም።
ዘንድሮ በግንቦት ኮምፒውተር መጣ፤
በዚያው በካርቶኑ ገባ አዲስ ጣጣ።

መማሪያውን ገልጣ፣ መነጽር አጥልቃ፣
ኮድ ጻፈች ሌሊቱን፣ እስኪነጋ ነቅታ።
የሽማግሌው የሂያኩታሮ ቅርጫት፦
ሰኞ ሠላሳ አራት ኪሎ፣ ማክሰኞ ሠላሳ ሰባት።
ደምር አለችው።
ማሽኑ ሳያቅማማ፣ ሳያፍር፣
ሦስት ሺህ አራት መቶ ሠላሳ ሰባት ብሎ ቁጭ።

ሂያኩታሮ ወረቀቱን አየ፣ ኮፍያውን አውልቆ፤
«ሐይቁን ጠርጌዋለሁ፣ ለዳክዬም አልቀረ» አለ ስቆ።
እሷ ግን አልሳቀችም።

የእህቷ ልጅ ሶጎ በሰኔ ዝናብ መጣ፤
ዣንጥላውን አራግፎ፣ ጫማውን አውልቆ፣ አጠገቧ ተቀመጠ።
«አክስቴ፣ ይቺ የመደመር ምልክት ተላላኪ ናት፤
ከግራዋ ያለውን ደጅ አንኳኩታ፣
‹በቀኝ እንግዳ አለ፣ ምን ታደርገዋለህ?› ማለት ነው ሥራዋ፤ ሌላ ሥልጣን የላት።
ባለቤቱ ቁጥር ከሆነ ይደምራል፤
ጽሑፍ ከሆነ ግን ጫፍ ለጫፍ ይሰፋል፤
ዝርዝር ከሆነ ደግሞ ወንበር ጨምሮ ያስቀምጣል።
አንቺ ሠላሳ አራትን በጥቅስ ምልክት አስረሽው
ጽሑፍ ነኝ አለና ሰፋው።
አልዋሸሽም፤ ያልሽውን ሆነልሽ።»

ሺዙኤ አማርኛ አታውቅም። ብታውቅማ
ይችን አቀብላት ነበር፣ ከሩቅም ብትሰማ፦
ግራ ገባኝ ላለ፣ ፍቺው ከግራ ነው፤
ምልክቱ በር እንጂ፣ ባለቤት መች ሆነው?

«እኩል ምልክትስ?» አለች።
«አንዱ ስም ይለጥፋል። ሁለት ሲሆን ይጠይቃል፦ ትመሳሰላላችሁ ወይ?
ሌላም ጥያቄ አለ፣ ረጋ ያለ፦ ይህ ያ ራሱ ነው ወይ?»
የዛጎሉን ስም ሁለቴ ጻፈ፣ ፊደሉ ሳይዛነፍ።
ለመጀመሪያው፦ እውነት።
ለሁለተኛው፦ ሐሰት።

ዝም አለች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይቆጥራል።
ሚትሱኤ ከሞተች ሦስት ዓመቷ፤
የሶጎ እናት፣ የሺዙኤ መንታ እህቷ።
ዓሣ ሻጩ እስከ ዛሬ «ሚትሱኤ!» ይላታል፤
«አቤት» ትለዋለች። ማረም ይከብዳታል።
በዚያው ፊት፣ በዚያው ድምፅ፣ በዚያው የልደት ቀን፣
ማንም ቢያወዳድር መልሱ እውነት ይሆን።
ሶጎ ግን በስሟ ነው የሚጠራት፤
አንድ ቀን እንኳን አልተምታታበት።

«ጥቅሱን ላውጣው?» አላት።
«ተው፣ እኔ» አለች፤ አንድ በአንድ አነሳችው።
ሰባ አንድ።

ሂያኩታሮ በማግስቱ፦ «አሳነስሽኝ» አለ።
አልመለሰችለትም፤ መቁጠሪያዋን ከመሳቢያ ስባ
ደግማ ትደምር ነበር፣
እንደ ልማዷ፣ ከግራ ጀምራ።